ውሉ የጠፋ ልቃቂት

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ዝናብ በማይጠፋው የስዋንዚ ሰማይ፣
አሥራ አንድ ሴቶች ነን፣ ሹራብ የምንሠራ፣ ካንድ ጠረጴዛ ላይ።
መርፌው ሲንቀጫቀጭ፣ ወሬው ሲፈተል፣
አንዷ ዙር ስትቆጥር፣ አንዷ ዙር ስትጥል፣
ግሌኒስ ስልኳን አውጥታ ወደ መሐል ገፋች፤
«ስድስት ክፍል፣ ባሕሩ ከደጅ!» ብላ ጮኸች።
ነጭ ግድግዳ፣ ቢጫ በር፣ ጣሪያው ላይ የነፋስ ዶሮ፣
ቴንቢ፣ አራት ሌሊት፣ በሰኔ፤ ዋጋው የዛሬ አይደለም፣ የድሮ።

ባለቤቱም ትሑት፤ የሚጽፈው ቃል ሁሉ ማር፤
«በድርጅቱ በኩል አትክፈሉ፣ ኮሚሽኑ መራር፤
ቀጥታ በባንክ ብትልኩ ካሥር አንዱን እቀንሳለሁ፤
ግን ዛሬ ማታ ይሁን፤ ሌላ ጠያቂ አለኝ፣ ለእናንተ ብዬ ነው የያዝሁ።»

ቸኰልን። ከሁሉ አብልጬ የቸኰልሁት እኔ፣
«ላኪው እንጂ ግሌኒስ! አመለጠን ሰኔ!»

ሜና ብቻ፣ ሠላሳ ዓመት ከፖስታ ቤት መስኮት ኋላ የኖረች፣
ስንት የውሸት ፊርማ በመብራት ገልብጣ ያየች፣
ክሯን በጣቷ ጠምጥማ፣ ቀና ሳትል ጠየቀች፦
«ውሉ የታል?»
«የክሩ ነው?» አልኋት። ጠረጴዛው በሣቅ ተናወጠ።
«የቤቱ። ሰውየውን ማን አየ? ማን ድምፁን አደመጠ?
በካርድ ይሁን፣ ድርጅቱ መሐል ይቁም፣ ደረሰኝ ይምጣ፤
ያለዚያ ድርሻዬን የምሰጠው በሩ ተከፍቶ ቁልፉ ሲወጣ።»
ቆንቋና አልናት። «ከሬሳ ሣጥኗ ልትከተው ነው» አለች ኔሪስ።
እያንዳንዳችን መቶ አርባ ፓውንድ፤ ላከችው ግሌኒስ።

ሰኔ ገባ። ሃይልወን ኬክ ጋገረች በብርቱካን ልጣጭ፤
ባቡሩ ሙሉ ሣቅ፣ ጉልበታችን ከሻንጣ ሲፋጭ።
ሜናም አለች፣ ቦርሳዋን ከብብቷ ሸጉጣ፣
የካልሲ ተረከዝ ትሠራለች ካንድ ጥግ ተቀምጣ።

ቢጫው በር አለ! ዶሮውም አለ፣ ነፋሱ ያሽከረክረዋል፤
በካልሲ ብቻ የወጣ ሽማግሌ ከደጁ ቆሞ ያየናል።
ሻንጣችንን ቆጠረ። ተነፈሰ።
«ከፋሲካ ወዲህ እናንተ ሦስተኞቹ ናችሁ፤
ቤቴን አከራይቼ አላውቅም። ሻይ ላፍላላችሁ?»

የዚያ የማሩ ሰው ስልክ ተዘግቷል። ከባንኩ ለስላሳ ድምፅ ያላት ልጅ፣
«እመቤቴ፣ ገንዘቡ የወጣው በራስዎ እጅ።»
ቀብዱም ሙሉውም ተበላ፤ ከደጅ ቆመን ቀረን፤
ክፍል ፍለጋ መጥተን፣ ክፍያው ከፈለን፦
ኔሪስ በግሌኒስ ጮኸች፤ ግሌኒስ እኔን አየችኝ፤
እኔ ባሕሩን አየሁ፤ ባሕሩ ምንም አላለኝ።

ሜና «ብያችሁ ነበር» አላለችም።
ቦርሳዋን ከፈተች፤ መቶ አርባው፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ እንደ ደብዳቤ።
ዓሣና ድንች ገዛች ላሥራ አንዳችን፤
ከባሕሩ ግንብ ላይ በረድፍ ተቀመጥን፣ ሆምጣጤው ጣት ሲያቃጥል፣
የባሕር ወፍ የሃይልወንን ኬክ በዐይኑ ሲከተል።
ከዚያ ወደ ዓሣ ጠባሹ ተመልሳ፣ መስኮቱን ሊዘጋ ሲል ያዘችው፤
«ደረሰኜስ?» አለችው።
ግሌኒስ ያኔ ነው የሣቀችው፣ እስክታለቅስ።

አሁን ማክሰኞ ዘጠኝ ነን። ኔሪስና ሃይልወን ቀርተዋል።
ግሌኒስ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ በየወሩ መጀመሪያ
ከብስኩቱ ቆርቆሮ ሃያ ፓውንድ ትከታለች።
ሜና ትጽፋለች፣ ትፈርማለች፣
ደረሰኙን ቀድዳ እንደ ሹመት ታቀብላታለች።
እኔ ከሁሉ ቀድሜ እመጣለሁ። ክዳኑን ቀስ አድርጌ ከፍቼ
አሥር እጨምራለሁ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ስም።
ሜና ስትቆጥር ሁልጊዜ አሥር ይተርፋታል።
መነጽሯን ታወልቃለች፤ ትጠርጋለች፤ ወደ እኔ አታይም።
እኔም ልቃቂቴን ጭኔ ላይ አገላብጣለሁ፣
ውሉን እፈልጋለሁ።